ፋኖሷ በስንት ታየችህ?

ሰው ቤት ገብቼ ቲቪው ካልተስተካከለ ሻዩ አይወርድልኝም። ልማድ ነው፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። ሥራዬ ዲሽ መትከልና ቲቪ ማስተካከል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ለገሃሬ ያልወጣሁበት ጣሪያ የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሰው ቀለሙን እስከ ጥግ ለጥጦ፣ የዜና አንባቢዋን ፊት ብርቱካን አድርጎ ሲያይ ደሜ ይፈላል። ሪሞቱን ሳልጠይቅ አነሳለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ ሁለተኛ ያልጠሩኝም አሉ። ጥቁር ጥቁር መሆን አለበት፤ ጥቁሩ ውስጥ ያለው ነገር ግን መጥፋት የለበትም። ይህን ለሰው ስናገር ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈኝ።

እንግዲህ የገዛ ወንድሜ፣ በገዛ ቤታችን፣ እኔው ራሴ ያስተካከልኩትን ቲቪ «ጨለመብኝ» ሲለኝ ምን ያህል እንደምበግን ገምቱት።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ በሁርሶ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰርቪስ ሾፌር ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹን ያደርሳል፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመልሳል፣ በመሃል ምሳውን ሊበላ ቤት ይመጣል። እሱ ከሚስቱ ተለያይቶ፣ እኔ ገና ሳላገባ፣ ሁለታችንም እናታችን ቤት ነበርን። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቤቱ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ያለው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱን ለመከላከል መዝጊያው ሁሉ ይዘጋና ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ይቀመጣል። እኛ ሁለታችንም ጫት አይስማማንም። ሽርጣችንን አገልድመን ጌም እንጫወት ነበር።

አዎ፣ ጌም። እኔ ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ እሱ አርባን አልፎ። እናታችን መጀመሪያ መጀመሪያ ታፍርብን ነበር፤ ጎረቤት ሲመጣ «ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው» ትል ነበር። ለዓመታት የምንጫወተው ኳስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ወንድሜ ኳስ ሰለቸኝ ብሎ ሌላ ጌም ይዞ መጣ። ሁለት ሰዎች አንድ የተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገብተው መውጫ የሚፈልጉበት ጌም ነው። አንዱ ፋኖስ ይይዛል፣ ሌላው መዶሻ። ጉድጓዱ እንደ ልብ አይታይም፤ ሐዲድ ላይ የሚንከባለሉ ጋሪዎች አሉ፣ በየጊዜው ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚመጡት፣ ካላየሃቸው ጨፍልቀውህ ያልፋሉ።

ጌሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ያሳያል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ፋኖስ ትኖራለች፤ ከሥሯ ከዜሮ እስከ ሃያ ቁጥር አለ። ፋኖሷ በጭንቅ እስክትታይህ ድረስ ቁጥሩን ከፍ አድርግ ይልሃል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የእያንዳንዱ ሰው ቲቪና ክፍል እንደሚለያይ ስለሚያውቁ ነው። እኔ ይህቺን ፋኖስ ወደድኳት፤ ለደንበኞቼ ሁሉ እሷን የሚመስል ነገር ባሳያቸው ብዬ ተመኘሁ። ወንድሜ ሁልጊዜ መጀመሪያ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

«ፋኖሷ በስንት ታየችህ?»

«በሁለት» እለዋለሁ። ያላመነኝ ሲመስለኝ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ እምላለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማልተዋት መሐላ ናት። እናቴ ከጓዳ ሆና «ሌላ መሐላ የለህም አንተ ልጅ?» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ፈገግ ይላል። ያቺ ፈገግታ ታናድደኝ ነበር፤ የሚያሾፍብኝ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ «ለእኔ ትንሽ ከፍ አርግልኝ፣ ከፀሐይ ነው የገባሁት» ይላል። ስድስት ላይ አደርግለታለሁ።

ከፀሐይ መግባት ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉን ነገር ያስረዳል። ከውጭ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ መቃኑን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጥ ያደርጋል፤ የቤቱን ሰው ከድምፁ እንጂ ከመልኩ አይለይም፤ ወንበር ሲፈልግ ሰው ጭን ላይ ቢቀመጥ ይሳቅበታል እንጂ ማንም ምን ሆነህ አይለውም። ወንድሜ በር ላይ ሲቆም፣ የውሃውን ጆግ በእግሩ ሲደፋው፣ እናታችን ያቀበለችውን ብርጭቆ አየር ላይ ሲስተው፣ ፀሐይ ነው አልን። ሌላ ከተማ ብንሆን ኖሮ ምናልባት በመጀመሪያው ወር እጠረጥር ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በፀሐይ አሳበብኩ።

ስድስት አልበቃ አለው። ዘጠኝ አደረግሁለት። እሱ በጠየቀ ቁጥር እኔ ክፍሉ ላይ ዘመትኩ። ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር ስለምትጥል በዲኮደር ካርቶን ደፈንኳት። ቲቪውን ከግድግዳው አንስቼ ብርሃን ከጎን እንዳይመታው ወደ ጥግ አዞርኩት። ክፍሉ ሲጨልም ቲቪው ራሱ አብሮ የሚጨልምበት ኃይል ቆጣቢ የሚባል ሴቲንግ አለ፤ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም፤ እሱንም አጠፋሁ። ከዚያ ብራይትነሱን ዝም ብሎ መጨመር ጥቁሩን ግራጫ እንጂ ሌላ ስለማያደርገው ጋማውን ነካካሁ። ጋማ ጥቁሩን ብዙ ሳይነካ በጥቁርና በግራጫ መካከል ያለውን ከፍ ያደርጋል፤ ጥላ ውስጥ ያለ ሰው ብቅ ይላል። በመጨረሻ ከቲቪው ኋላ አንዲት ቢጫ አምፖል ሰቀልኩ። ስክሪኑን ሳትነካ ግድግዳውን ብቻ ታሞቀዋለች፤ ዓይን አይደክምም። ሥራው ሲያልቅ ወደ ኋላ ሸሽቼ ቆሜ አየሁት። ወላሂ አማረልኝ።

ወንድሜ ሦስት ቀን ተደሰተ። በአራተኛው ቀን ጋሪ ጨፈለቀውና «አቦ ይሄ ቲቪ ጨልሟል» አለኝ።

ያን ቀን ጮህኩበት። ከተማው ሁሉ ቲቪውን ለእኔ ነው የሚሰጠው፣ አንተ ማን ስለሆንክ ነው ጨለመ የምትለኝ አልኩት። ዓይንህን ግለጥ አልኩት። እሱ ጆይስቲኩን ይዞ ፋኖሱን እኔ ልያዝ አለ። ሁልጊዜም ፋኖሱን እሱ ነበር የሚይዘው፤ ለእኔ መዶሻው ነው። ስስታም እለው ነበር። ጌሙ ውስጥ ስንሄድ ደግሞ «ምን ይታይሃል?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም ግራ ላይ ደረጃ አለ፣ ቀኝ ላይ ውሃ አለ እያልኩ እመራዋለሁ። ለጨዋታው ድምቀት ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ የገባኝ በፋኖሷ ነው። ቁጥሩን እንደ አዲስ እናስተካክል ብዬ ጥቁሩን ስክሪን ከፈትኩ። በዚያን ሰሞን የምንጫወተው በዐሥራ ሁለት ነበር። ከዜሮ ጀምሬ አንድ አንድ እየጨመርኩ፣ ስትታይህ በቃ በለኝ አልኩት። ሁለት ላይ ለእኔ ታየችኝ። አምስት፣ ስምንት፣ ዐሥር፤ ዝም አለ። ዐሥራ ሁለት አለፈ። ዐሥራ ስድስት ላይ ጥቁሩ ስክሪን ወተት ሆኗል፤ ፋኖሷ መሃሉ ላይ ቁጭ ብላ የመስታወቷ ስንጥቅ ሳይቀር ይቆጠራል። ከስክሪኑ ዓይኔን አነሳሁና እሱን አየሁት። አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ አፍጥጦ ነበር። ዐሥራ ሰባት ላይ «በቃ፣ አሁን» አለኝ።

እጄን ከፊቱ ጎን አንስቼ ጣቶቼን አወዛወዝኩ፤ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። «ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» ብቻ ነው ያለኝ። ምንም አልኩት። ያን ቀን በዐሥራ ሰባት ተጫወትን። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሽርጡን ፈትቶ ሱሪውን ለበሰና ሠራተኞቹን ሊመልስ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ብርሃን ተቀበለው፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሄደ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ጉበት ትከትፍ ነበር። ይህ ጉበት ሌላው ነገር ነው። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ጉበት ይገዛል፤ የሚቀርበው ለእሱ ብቻ ነው። እኔ ጥብስ ነው የሚደርሰኝ። ጉበቱ ለሾፌሩ ነው ወይስ ለሞተሩ እያልኩ ስቀልድ ዓመት አልፎኛል። ያን ቀን ግን ሳልቀልድ ጠየቅኋት። ቢላዋውን አላቆመችም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ወንድሜ ፋኖሷን በስንት እንዳያት ነገርኳት። ቁጥሩ ምንም አይነግራትም፤ ከፊቴ ግን ገባት መሰለኝ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ዳፍንት ነው» አለች። «የአባታችሁ ዓይን ነው የያዘው።»

ዳፍንት ቀን ቀን የሚያይ ሰው ሲጨልም ማየት የሚከለከልበት፣ ጉበት መድኃኒቱ ነው የሚባል በሽታ ነው። ቃሉን የማያውቅ የለም፤ በእኛ ቤት ሲነሳ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። አባታችን ባቡር ነጂ ነበር። አንድ ጊዜ የሌሊት ጉዞውን ትቶ ጋራዥ ውስጥ የቀን ሥራ ጠየቀ፤ ጓደኞቹ ፈራ አሉ፣ ሰነፈ አሉ፣ እሱም ዋጠው። እኔ ይህን ሁሉ ከእሷ ነው የሰማሁት፤ ልጅ ነበርኩ። እኔ የማስታውሰው ከቤተ ክርስቲያን አመሻሽ ላይ ስንመለስ አባቴ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ እንደሚሄድ ነው። ከልጆቹ ሁሉ እኔን አብልጦ የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየመራሁት ነበር።

ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት ለእናታችን ነግሯት ኖሯል፤ ለእኔ እንዳትነግረኝም አስምሏታል። ለምን ለእኔ ብዬ ተቆጣሁ። እሱን ጠይቀው አለችኝ። ቀጥላ፣ ቀን ቀን ነው የሚነዳው፣ ቀን ያያል፣ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ሁልጊዜ ቤቱ ነው አለች፤ እኔን ለማሳመን ይሁን ራሷን አላውቅም። እውነትም ወንድሜ አመሻሽ ላይ ከቤት አይወጣም፤ ቤቱን የሚወድ፣ ጨዋ ሰው ነው ተብሎ በሰፈሩ ይመሰገናል። ሥራው ላይ እንዳትመጣበት ብላ ለመነችኝ። ጉበቱ አባታችንንም እንዳላዳነው ታውቃለች፤ ግን ሌላ ምን ታድርግ።

ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ያህል ምንም እንዳላወቀ ሰው ዐሥራ ሰባት ላይ አብሬው ተጫወትኩ። ሁልጊዜ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ግን፣ ጣሪያ ላይም ብሆን፣ ወደ ሁርሶ መንገድ ዞሬ አያለሁ። አርባ ምናምን ሴቶች የያዘ አውቶቡስ በዚያ በኩል እየመጣ ነው። ፀሐዩ እንዲቆይልኝ እጸልይ ነበር። ደመና የሆነ ቀን ሥራ አይገባልኝም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ምሳ ላይ ወንድሜ እንደ ዋዛ ጣል አደረጋት። ፋብሪካው ፈረቃ ሊቀይር ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኞቹ የሚወጡት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይህን ብሎ ጉበቱን መብላት ቀጠለ። እናቴ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። አንድ ሰዓት ላይ ድሬ ድቅድቅ ያለ ነው። ያ መንገድ መብራት የለውም፤ ግመል ያቋርጣል፣ ፍየል ያቋርጣል፣ የአህያ ጋሪ ያለ መብራት ይመጣል።

አትነዳም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እናቴን አየ፣ ሁሉንም ተረዳ። አልተቆጣም። መንገዱን በቃሌ ነው የማውቀው አለ፤ ስምንት ዓመት የሄድኩበት ነው፣ ጉድጓዱን ሁሉ በእግሬ አውቀዋለሁ። አውቶቡሱ ትልቅ መብራት አለው አለ። ሥራው ከቀረ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሆን ነው፣ አባቴ የተባለውን ልባል ነው አለ። እኔ ደግሞ ስናደድ የምለውን አላውቅም። ጌሙንም በቃልህ ነው የምታውቀው አልኩት፤ ተነስ አሳይሃለሁ።

የሠራሁት ነገር ጭካኔ ነበር፤ ማስተባበያ የለኝም። ተነስቼ አምፖሏን አጠፋሁ። ጋማውን መለስኩ። ጥቁሩን ስክሪን ከፍቼ ቁጥሩን ወደ ሁለት አወረድኩ፤ እኔ ለሰው ሁሉ ትክክል ነው የምለው ልክ እሱ ነው። ጆይስቲኩን እጁ ላይ አድርጌ ፋኖሱን ያዝ፣ እኔ የለሁበትም፣ ብቻህን ሂድ አልኩት። ስንት ጊዜ ያለፍንበት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደ፣ ዞረ፣ ሐዲዱን ተሻገረ፤ በቃሉ ያውቀዋል አልዋሸም። ከዚያ ጋሪው ከቀኝ መጣ። ለእኔ ከሩቅ ይታየኛል፤ እሱ ቀጥ ብሎ ገባበት። ደገመ። አሁን ከግራ መጣ፤ ገባበት። ሦስተኛውን እኔ ማየት አቃተኝና ዓይኔን ወደ እናቴ አዞርኩ፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ጆይስቲኩን ይወረውረዋል ብዬ ነበር። ቢወረውረው ደስ ባለኝ። ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። የራሴን እጅ መቁረጥ አማረኝ።

«ሰኞ አብረኸኝ ና» አለኝ በመጨረሻ። «ሲመሽ አጠገቤ ተቀመጥ። አይሆንም ካልክ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ሰኞ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ግቢ ውስጥ መብራት ነበር፤ ሴቶቹ እየሳቁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እየተቀላለዱ ገቡ። «ጋሼ፣ ዛሬ ረዳት ቀጠርክ እንዴ?» አሉት። ሳቀላቸው። አንዷ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልላ አቀበለችው፤ እጇን ሳያገኘው ሁለት ጊዜ ሳተና ሦስተኛው ላይ ያዘው። ማንም አላየም። ሞተሩን አስነሳ፣ ትልቁን መብራት አበራ፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ነው። ወንድሜ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ፣ ወደ ፊት እያየ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ምን ይታይሃል?» አለኝ።

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። መንገዱ ባዶ ነው ብለው ኖሮ ይነዳ ነበር፤ ሥራውም ይቀጥል ነበር፤ ምናልባትም ለዓመት ምንም አይደርስም ነበር። ከኋላችን ሴቶቹ ይስቃሉ። በግራ በኩል ጀሪካን የጫነች አህያ አለች አልኩት። ከእሷ ኋላ ሁለት ሴቶች። በቀኝ አሸዋው ላይ ግመል ተኝቷል፣ ባለቤቱ ተቀምጧል፣ ልብሱ ጥቁር ነው። ራቅ ብሎ ባጃጅ ቆሟል፣ መብራት የለውም። አንድ ልጅ መንገዱን እያቋረጠ ነው።

«እኔ የሚታየኝ የራሴ መብራት ብቻ ነው» አለ። አይሆንም እስክል አልጠበቀም፤ ሞተሩን አጠፋ።

ተነስቶ ወደ ሴቶቹ ዞረና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ ሌላ ሹፌር ነው የሚያደርሳችሁ አላቸው። አመመህ እንዴ ጋሼ አሉት። ደህና ነኝ አለ። የፋብሪካው ሰው መጣ፣ ተነጋገሩ፣ ሌላ ሹፌር ተገኘ። ወንድሜ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አውቶቡስ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መንገዱን ሙሉ ፓስቲውን በእጁ እንደያዘ ነበር።

ስንወርድ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ነበር። ትልቁን መንገድ አልፈን ወደ ቅያሱ ስንገባ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። አባቴ እጄን የሚይዘውን ያህል ጨምድዶ ነው የያዘኝ። ድንጋይ አለ እለዋለሁ፣ ቦይ አለ እለዋለሁ። ለምን ለእናቴ ነግሮ ለእኔ እንደደበቀኝ ያኔ ጠየቅኩት። ለሁለት ዓመት ቲቪ ሲያስበራኝ፣ ሲያስጮኸኝ፣ ዓይንህን ግለጥ ሲያስብለኝ፣ ምን ነበር አንድ ቃል ቢነግረኝ።

ትንሽ ሄድን። «ጌሙን ለምን ያመጣሁት ይመስልሃል?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

«የእኔንማ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ያንተን ነበር የማየው።»

ቆምኩ። እሱም ትከሻዬን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ በአንድ የመጣልኝ፤ መጀመሪያ ሁልጊዜ እኔን መጠየቁ፣ በሁለት ስለው ፈገግ ማለቱ፣ ጌሙ ውስጥ ምን ይታይሃል እያለ አላስቆም አላስቀምጥ ማለቱ። ይህ በሽታ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ለእሱ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው የጀመረው፤ እኔ ሠላሳ አራት ልሞላ ስል ነው ጌሙን ይዞ የመጣው። ስንት ቀን ይሆን ሁለት ስለው እፎይ ብሎ ሠራተኞቹን ሊያመጣ የሄደው? እኔ ደግሞ ያሾፍብኛል ብዬ እናደድ ነበር።

አሁን ወንድሜ እዚያው ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ቀን ቀን ይሠራል። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ የዘር ነው፣ መነጽርም መድኃኒትም የለውም፣ እይታው ቀስ እያለ ከዳር ወደ መሃል ይጠባል ብለውታል። ወንድምህም ይታይ ብለዋል። እሄዳለሁ እያልኩ ዓመት አለፈኝ፤ ሥራ ይበዛል። ጌሙን አልተውነውም፤ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ እንጫወታለን። አምፖሏ ተመልሳ ተሰቅላለች። ጌሙ ሃያ ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ደንበኛ ስንጫወት ድንገት ቤት ሲመጣ ያን ወተት የመሰለ ስዕል አይቶ፣ የሰውን እያስተካከልክ የራስህን እንዲህ ትተዋለህ ይለኛል። አልነካውም። ፋኖሱን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ምን እንደሚታየኝ እነግረዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ግን ያን ጥቁር ስክሪን ዛሬም ያስከፍተኛል። ቁጥሩን ከዜሮ እኔ ራሴ ነኝ የምጨምረው፤ እሱ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ይጠብቃል። ባለፈው እሁድም እንደዚያው አደረግን። አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ፤ ጥቁር ነው። ሦስት ላይ ታየችኝ።

ቲቪው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት ዓመት ሲሞላው ይደክማል፤ ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው ነው። ደግሞም ያን ቀን ጣሪያ ላይ ውዬ፣ ከፀሐይ ገና መግባቴ ነበር።

«በስንት ታየችህ?» አለኝ ወንድሜ።

«በሁለት።»

«እውነትህን ነው?»

ያቺ የልጅነት መሐላዬ አፌ ላይ መጣች። ዋጥኳት።

«ሁለት አልኩህ እኮ አቦ» አልኩት፤ ፋኖሱን ያዝ፣ እንጀምር።